የግራጫው ታንክ ውሃ

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ላልተከተላችሁን፣ የሰምሃልን ጥፋት አስቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ኋላ "ደብቀኸን ነበር" እንዳትሉኝ። ልጅቷ ዋሽታለች። ውሸቷ በጽሑፍ አንድ መስመር አይሞላም። ግን ዋሽታለች፣ ያውም ለሚወዳት ሰው፣ ያውም በእናቷ ነገር።

ሰምሃል ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ከእናት ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ አቶ ወልደትንሳኤ ሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ "እስከ ዛሬ የሰው ሚስት ሳመላልስ ኖርኩ፤ አሁን የራሴን ላመላልስ" አሉና አንድ ያገለገለ አርቪ ገዙ። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሻወሩ ሁሉ ውስጡ ያለ፣ ጎማ ያለው ቤት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ኦሪገን ባሕር ዳርቻ ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣዝመራ ጡት ላይ ያ ክፉ ነገር ተገኘና አርቪው ከቤቱ ጎን ቆመ።

ቆመ አልኩ እንጂ ሥራ አልፈታም። ወይዘሮ ኣዝመራ በየማለዳው ጸበል የሚጠመቁት እሱ ውስጥ ነው። የቤቱ መታጠቢያ ውሃ ከሽንት ቤቱ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ጸበል ደግሞ እዚያ አይገባም፣ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው። አርቪ ግን ሁለት የቆሻሻ ታንክ አለው። ጥቁር የሚባለው የሽንት ቤቱን ይይዛል፣ ግራጫ የሚባለው የሻወሩን። ይህን ያስተዋሉት አቶ ወልደትንሳኤ ናቸው፤ ያስተዋሉ ዕለት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የንስሐ አባታቸው እየመጡ የንጹሑን ታንክ ውሃ ይባርኩላቸዋል፣ ወይዘሮ ኣዝመራ ይጠመቃሉ፣ አቶ ወልደትንሳኤ ደግሞ ግራጫው ውስጥ የተጠራቀመውን በሻወሩ አፍ በኩል በትንሽ የእጅ ፓምፕ እየሳቡ፣ በባልዲ ተሸክመው ጓሮ ካለችው የበለስ ዛፍ ሥር ያፈሱታል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። እሳቸው ግን አንድ ቀን አላማረሩም።

ሐምሌ ላይ ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን ተደረጉና ባልዲ ማንሳት ተከለከሉ። "እኔ አወጣዋለሁ፣ አባዬ፣ አታስብ" አለች ሰምሃል። እናቷ አንገቷን አቅፈው ሳሟት።

ሁለት ሳምንት አወጣች። ከዚያ ደከማት።

አርቪውን የሚንከባከበው ዒምራን ኑርሑሴን ይባላል። ሊንውድ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ተምሮ፣ ዛሬ በራሱ ቫን እየዞረ የሰው አርቪ ይጠግናል። ወላጆቹ ከደሴ ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ ጀውሃራ ዋይት ሴንተር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሚያዝያ ላይ የአቶ ወልደትንሳኤ አርቪ ጣሪያ ዝናብ ሲያስገባ ነበር የተጠራው። መሰላሉ ላይ ቆሞ የተሰነጠቀውን ማሸጊያ እየፋቀ ሳለ ሰምሃል ውሃ አመጣችለት። ወርዶ እስኪጠጣ መጠበቅ ስትችል ወጥታ ሰጠችው፤ ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ጎማው በአንድ በኩል ብቻ እንዳይጫን ትንሽ ወደ ፊት ያስጠጋዋል፣ ጄኔሬተሩን ግማሽ ሰዓት ያስነሳዋል፣ የባትሪውን ጫፍ ያጸዳል፣ ጥቁሩን ታንክ ያራግፋል። የሠራውን ሁሉ አርቪው መሳቢያ ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሯ የጥገና ነበረች፤ እየዋለች እያደረች ግን የደብዳቤ ሆነች። "የጎማ አየር ደህና ነው። ባለቤቷ ግን ዛሬ አልሳቀችም፤ ቼክ ይደረግ" ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ እሷ፣ "ባለቤቷ ደክሟታል። ጎማው ደህና መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ፈገግ ብላለች" ትላለች። እናቷ ተሽሏቸው ሲነሱ ዒምራን ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል። ሃይማኖታቸው አንድ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ቤት እንባ እንደሚኖር ያውቃሉ። ሆኖም ወላጆቿ ልጁን ወደውት ስለነበር ተስፋ አድርገዋል።

ነሐሴ ላይ ዒምራን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ግራጫው ቶሎ ቶሎ እየሞላ ነው። ከጥቁሩ ጋር አብሬ ላራግፈው? የተለየ ነገር ካለ ንገሪኝ።"

ሰምሃል የአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራዋን ጨርሳ መምጣቷ ነበር። ጸበል ነው ብትለው፣ ለምን ይላታል። የእናቷ ሕመም ደግሞ ለጎረቤትም ለዘመድም "ቁርጥማት ነው" ተብሎ የተነገረ፣ ለማንም ላትናገር እናቷ ያስማሏት ነገር ነው። እስክሪብቶውን አነሳች። "አዎ፣ ሁለቱንም። የሻወር ውሃ ብቻ ነው" ብላ ጻፈችና ተኛች።

አያችሁ፣ ይቺው ናት ውሸቷ።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኅዳሩ ዝናብ ጋብ ሲል፣ አቶ ወልደትንሳኤ ከዘራቸውን ይዘው ልጁን ሊያጫውቱት ወጡ። ዒምራን ጓንት አጥልቆ፣ ወፍራሙን ሆዝ ከአርቪው ሆድ ወደ ቤቱ ፍሳሽ መክፈቻ ዘርግቶ አጎንብሷል።

"በርታ ልጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ደህና ዋሉ አባባ? ታንኮቹን ዳምፕ እያደረግኩ ነው።" ዒምራን ሥራውን ለሚጠይቀው ማስረዳት ይወዳል። "ሁልጊዜ መጀመሪያ ጥቁሩን ነው የሚለቁት። እሱ ሲያልቅ ግራጫውን ይከፍታሉ። ሶ፣ የሻወሩ ውሃ ሆዙን ጥርግ አድርጎ ያጥብልዎታል። ሽታ የሚባል አይቀርም።"

አቶ ወልደትንሳኤ መጀመሪያ አልገባቸውም። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆዩ።

"የቱ ውሃ ነው የሚያጥበው?"

"ግራጫው።"

"የሚስቴ የሻወር ውሃ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እሱን በዚህ ነው የምታወርደው? ከዚያ ከ… ከዚያኛው ጋር?"

"ከነሐሴ ጀምሮ እንዲህ ነው የማደርገው። ምነው፣ ችግር አለ?"

ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ዒምራን ሊያነሳላቸው ሲያጎነብስ ደረቱን ገፉት።

"አትንካኝ! ጸበል ነው እኮ! ሚስቴ የተጠመቀችበት ጸበል ነው! ሦስት ወር ሙሉ የክርስቶስን ውሃ ሽንት ቤት ስታጥብበት ከረምክ?"

ጩኸቱን ሰምታ ሰምሃል ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች። የአርቪው ትንሽ መስኮት ተከፈተና የወይዘሮ ኣዝመራ ፊት ታየ፤ ራሳቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል፣ ቅንድባቸው ከመድኃኒቱ የተነሳ ረግፏል። ዒምራን ፊታቸውን አየ፣ ሆዙን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰምሃልን አየ።

ዝም ብሎ ነው ያያት። ወቀሳም የለበት፣ ልመናም የለበት፤ ሰው አንድ ቃል ሲጠብቅ እንደሚያየው ነው ያያት። አንድ ቃል ብቻ። "እኔ ነኝ" ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች። የእናቷን የራስ ሻሽ አየችና መልሳ ዘጋችው።

"አውቀህ ነው!" አሉ አቶ ወልደትንሳኤ። "የእኛ ነገር ላንተ ምንም ስላልሆነ ነው! ቤቴን ከፍቼ እንደ ልጄ…"

ዒምራን ዓይኑን ከሰምሃል ላይ አነሳ።

"አላወቅኩም፣ አባባ። ወላሂ አላወቅኩም። ግን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ይሂድ" አሉ ወይዘሮ ኣዝመራ ከመስኮቱ። ድምፃቸው አልጮኸም። "ወልዱ፣ በቃ፣ ይሂድልኝ።"

ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ቫልቮቹን ዘጋ፣ ሆዙን አጥቦ ጠቀለለ፣ የፍሳሹን ክዳን ገጠመ፣ መሬቱን ሳይቀር አጠበ። የመሣሪያ ቦርሳውን ሊያወጣ አንድ ጊዜ ወደ አርቪው ገብቶ ተመለሰ። በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አላለም። ሰምሃል በሩ ላይ እንደቆመች፣ ራሷን እንደዚያ ቀን ጠልታው አታውቅም።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ኣዝመራ መጠመቅ ተዉ። የጡታቸው ኦፕሬሽን አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አቶ ወልደትንሳኤ ቡና ሲያቀርቡላቸው "ሦስት ወር!" ይላሉ፤ ዜና እያዩ "ሦስት ወር!" ይላሉ። ሰምሃል ብትደውል ዒምራን አያነሳም፤ ደግማ ደጋግማ ኮል አደረገች፣ ቴክስት አደረገች፣ ዝም።

ሰኞ ማለዳ አርቪውን ላጽዳ ብላ ገባች። እውነቱን ንገረን ካላችሁ የገባችው ለደብተሯ ነው። አባቷ መሳቢያውን ከከፈቱ የራሷን እጅ ጽሑፍ ያገኙታል። ልትደብቃት ነበር፤ እዚህ ድረስ ነበር የወረደችው። መሳቢያውን ሳበችው። ማንኪያዎቹ አሉ፣ ክብሪቱ አለ፣ ደብተሯ የለችም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳውን ሊያወጣ ሲገባ፣ አባቷ ውጭ እየሰደቡት፣ እሱ ያሰበው ይህንን ነበር። የእሷን አንድ መስመር ይዞላት ሄደ። ሰምሃል እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከልቅሶው የባሰው ግን አንድ አፍታ እፎይ ማለቷ ነበር።

*

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ዋይት ሴንተር ሄደች። ወይዘሮ ጀውሃራ ሱቃቸው ውስጥ ድርብ ድርብ የታጠፈ ሻሽ እየደረደሩ ነበር። አዩዋት፣ አወቋትም፤ በፎቶ ነው የሚያውቋት።

"ነይ ልጄ፣ ግቢ። ዱንያ ምን አመጣብን? ልጄ አራት ቀን ሙሉ እህል ሲቀምስ አላየሁም፤ ቢጠይቁት አይናገር።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ።"

ወይዘሮ ጀውሃራ ዓይኗን አዩና ሌላ አልጠየቁም። "ከኋላ ነው" አሉ፣ "የሰው ጣሪያ ላይ።"

ዒምራን የአንድ ደንበኛ ተጎታች ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ አረንጓዴውን ሻጋታ በብሩሽ ያጸዳል። ሲያያት ሥራውን አላቆመም። አንዱን ጥግ ጨረሰ፣ ብሩሹን አጠበ፣ ከዚያ ወረደ።

"ደብተሯን የት አደረግካት?"

"እኔ ጋ ናት።"

"ለኔ ብለህ ነው የወሰድካት።"

"ላንቺ ብዬ ነው። ግን አታመስግኚኝ፤ ተናድጃለሁ።" ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። "ጠይቄሽ ነበር፣ ሰምሃል። የተለየ ነገር ካለ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እናቴ ቁም ሳጥኗ ውስጥ የዘምዘም ውሃ አላት፣ የኛ ጸበል በዪው። በትንሽዬ ጠርሙስ። አያቴ ሲሞቱ ከንፈራቸውን ካራሰችላቸው የተረፈ ነው። አንድ ሰው ሳልሰማ ሳላይ ያንን በዚህ እጄ ሽንት ቤት ቢያስደፋኝ…" እጁን ዘርግቶ አየው፤ ማሸጊያው ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኗል። "ሰው ቤቱን ከፍቶ የሚያስገባኝ በዚህ እጅ ነው። የናትሽን ጸበል የደፋሽው በኔ እጅ ነው።"

"ፈራሁ። ጸበል ነው ካልኩህ ለምን ልትለኝ ነው። እማዬ ደግሞ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

"ካንሰር ነው" አለች ድንገት። "ቁርጥማት አይደለም። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ኦፕሬሽን ትገባለች። ካንተ ነገር በኋላ መጠመቅ ትታለች፣ ዒምራን። በጸበሉ ነበር እኮ የምትጽናናው።"

"ያ ረቢ…" ዒምራን የመሰላሉ እግር ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ቁጣው ወጥቶለት ሐዘኑ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

"ብትነግሪኝ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለግራጫው የራሱን ቧንቧ አወጣለት ነበር። ከሌላው ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ በንጹሕ፣ ለብቻው ይወርድላቸው ነበር። አባትሽም ፓምፕ አይገፉም፣ አንቺም አትደክሚም።"

ሰምሃል ፊቷን ሸፈነች።

"ንገሪያቸው አልልሽም" አለ። "ሆስፒታል ሊገቡ ያሉ እናት ናቸው፤ ባልጠነከሩበት ሰዓት ልባቸውን ስበሪው አልልም። ከሚጠሉሽ እኔን ይጥሉኝ፤ አንድ እናት ነው ያለሽ። ግን እንዲህ ሆኜ ሽማግሌ አልልክም። ጸበሌን የደፋ እያሉ እያዩኝ እንዴት አድርጌ ጉልበታቸውን እስማለሁ?"

"ተለያየን ነው የምትለኝ?"

ዒምራን ብሩሹን አነሳ። "ዝናቡ ሳይመጣ ይቺን ልጨርስ" አለ፣ ድምፁም ተሰበረ። ወደ ጣሪያው ሲወጣ ጀርባውን አየች፤ ተጠርቶ እንዲዞር የሚመኝ ሰው ጀርባ ነበር፣ እሷ ግን የምትጠራበት ፊት አልነበራትም።

*

ሰኞ ከሰዓት፣ ኦፕሬሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ወይዘሮ ኣዝመራ ልጃቸውን ወደ አርቪው አስጠሯት። አልጋው ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ከመስኮቱ ጓሮው ይታያል።

"ዝጊና ቁጭ በይ። ሐሙስ ያስተኙኛል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ትምይልኛለሽ።" አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል አወጡ። "ያንን ልጅ ዳግም ላታዪው።"

"እማዬ…"

"አላወቅኩም መሰለሽ? ሰባት ወር እዚህ መስኮት ሥር ተኝቼ ምን አመለጠኝ ብለሽ ነው። ጎማ አየሁ ሲል ዓይኑ ጎማው ላይ አልነበረም፤ የጎማ ፊት እንዲህ አያስፈግግም።" ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። "ዝም ያልኩት ደግ ልጅ ስለሆነ ነው። እምነቱ ሌላ ነው፣ ያንገበግበኛል፤ ግን ደግ ነው፣ ስነሳ ቀስ ብለን እናየዋለን እል ነበር። አሁን ግን ማይ ጨሎቴን…" ጸበልን በልጅነታቸው ቋንቋ የሚጠሩት ልባቸው ሲደማ ነው። "ማለዳ ማለዳ ውሃው በላዬ ሲወርድ፣ በሽታዬን ይዞ መሬት ሲገባ ይታየኝ ነበር። ለካ የት ነበር የሚገባው! ይህን ያደረገ እጅ ልጄን እንዲይዛት አልፈልግም። ያዢው። ማይልኝ።"

ሰምሃል መስቀሉን ያዘች። ከእናቷ ገላ የወሰደው ሙቀት አልወጣለትም። አንድ ቃል ብትል እናቷ አርፈው ይገባሉ። ጥፋቷም ከዒምራን ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅም፣ ደብተሯም የለች። ደግሞም ታመዋል እኮ፤ የታመመ ሰው ላይ እውነት መጫን ምን ይሉታል? ይህን ሁሉ አሰበች። ዋሽቶ ያቃለለ ሰው ሁልጊዜ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"እሱ ጠይቆኝ ነበር። የተለየ ነገር ካለ ንገሪኝ ብሎ ጽፎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ የሻወር ውሃ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም አራግፍ ያልኩት። እንዲህ ተደርጎ እንደሚወርድ አውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት በባልዲ አወጣሁ፣ ከዚያ ደከመኝ። ብነግረው የራሱን ቧንቧ ያወጣለት ነበር፤ ውሃ ውሃ ነው ብዬ… ደከመኝ፣ እማዬ።"

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጀመረ።

"በየማለዳው እጠይቅሽ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከዛፏ ሥር አፈሰስሽልኝ ወይ? እልሽ ነበር።"

"አዎ።"

"አዎ እማዬ፣ ትይኝ ነበር።"

"አዎ።"

"በየማለዳው።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሱም ይህን እያወቀ ነው ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ያለው?"

ሰምሃል በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወይዘሮ ኣዝመራ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቁ መስቀላቸውን ከእጇ ወሰዱ።

"ውጪልኝ" አሉ። "አባትሽን ጥሪው።"

ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ከዚህ በፊት እናቷ ከፊታቸው አስወጥተዋት አያውቁም፤ በልጅነቷም፣ ሲቆጧትም። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ የሚያቅፋት ሰው የሌላት መሰላት።

*

ረቡዕ ማለዳ የዒምራን ቫን ግቢው በር ላይ ቆመ። የደወሉለት አቶ ወልደትንሳኤ ናቸው፤ ስልኩ ላይ ምን እንዳሉት አልነገሩንም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀበሉት፣ ቃል ፈለጉ፣ አጡ፣ በመጨረሻ ጎትተው ትከሻውን ሳሙት። ወይዘሮ ኣዝመራ ከአርቪው ደረጃ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ያለ ጥፋትህ አዋረድንህ። ይቅር በለን።"

"ኧረ እማማ! አንቱማ ይቅርታ አይጠይቁኝ። አላህ ይማርዎት።" ዒምራን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"ለውሃዬ የራሱን ቧንቧ ታወጣለህ ወይ? ይቺ እንዲያ ብለሃል ብላኛለች።"

"ወላሂ አወጣለሁ።"

"እስከ እኩለ ቀን ይደርሳል? ነገ ገቢ ነኝ።"

"ይደርሳል።"

ሰምሃል የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። እናቷ ሁለት ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላናገሯትም። "ሻዩን አምጪ"፣ "መድኃኒቴን አቀብይኝ"፣ ከዚያ ዝም። ዒምራንም አንድ ጊዜ አይቷት ዓይኑን መልሷል።

ቀዝቃዛው ጭቃ ላይ ፕላስቲክ ዘርግቶ በጀርባው ገባ። የግራጫውን ታንክ በመድኃኒት አጠበው፣ በንጹሕ ውሃ ሦስቴ አለቀለቀው፣ አሮጌውን መውጫ ቆርጦ ደፈነው። ከታንኩ ጎን አዲስ ቀዳዳ በስቶ ነጭ ቧንቧ አወጣ፣ ጫፉ ላይ መክፈቻና መዝጊያ ቡሽቦ ገጠመ። ከዚያ ውሃ ሞልቶ መገጣጠሚያውን በጣቱ እየዳሰሰ ጠብታ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። አቶ ወልደትንሳኤ ባትሪ ይዘው ሲያበሩለት ዋሉ።

የንስሐ አባታቸው መጥተው ውሃውን ባረኩ። ወይዘሮ ኣዝመራ ገቡ። ከውጭ የውሃው ድምፅ ይሰማል፣ ከውሃው ጋር የሳቸው ጸሎት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነበርና አቶ ወልደትንሳኤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለባብሰው ደረጃው ላይ ሲወጡ ዒምራን አዲሱን ቡሽቦ ከፈተው። ውሃው ባልዲው ውስጥ ጥርት ብሎ ወረደ። ሲሞላ ሰምሃል ፈጠን ብላ መጥታ መያዣውን ልትይዝ አጎነበሰች።

"አንቺ ተዪው" አሉ ወይዘሮ ኣዝመራ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"እሱ ያውጣው።"

"ኣዝመራ፣ እሱ እኮ…" አሉ አቶ ወልደትንሳኤ፣ የንስሐ አባታቸውን እያዩ። ቄሱ አልከለከሉም።

"እምነቱ ሌላ መሆኑን አላጣሁትም፣ ወልዱ። እሱ የደፋው ሳያውቅ ነው። አውቃ የደፋችው ይቺ ናት።"

ዒምራን እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። "ልንካው፣ እማማ?"

"ንካው፣ ልጄ።"

በከንፈሩ ብቻ ቢስሚላህ አለና ባልዲውን በሁለት እጁ አቅፎ ተነሳ። ሰምሃል መንገዱ ላይ ደርቃ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሲደርስ ቆመ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

"ትንሽ ገለል በዪልኝ" አላት በለሰለሰ ድምፅ። "እንዳይፈስ።"

ገለል አለች። እርምጃውን እየቆጠረ እስከ ጓሮው አጥር ሄደ። የአጥሩ በር ግን ሞላ አለው፣ ካልያዙት ተመልሶ ይዘጋል። ዒምራን በሩ ጋ ደርሶ ባልዲውን እንዳቀፈ ቆመ። መሬት ሊያስቀምጠው አልፈለገም። አቶ ወልደትንሳኤ ከዘራቸውን ይዘው ወደ እሱ ማዝገም ጀመሩ፤ ሰምሃል አልተነቃነቀችም፣ ተዪው ተብላለችና።

"ሰምሃል" አሉ ወይዘሮ ኣዝመራ።

ስሟን ከጠሩት ሁለት ቀን አልፏል።

"አቤት፣ እማዬ።"

"ምን ቆመሻል? እጁ ሞልቶ እያየሽ! ሂጂና በሩን ያዢለት እንጂ!"

ሮጠች። በሩን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች፣ ዒምራንም አለፈ። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም።